የቀረሮው ጉርድ ፎቶግራፍ

ቦንጋ ተመድቤ የመጣሁት የመሬት ምዝገባ ባለሙያ ተብዬ ነው። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ ሥራዬ ፎርም መሙላት ነበር። ሲሰለቸኝ ቀልድ አበዛለሁ።

አንድ ቀን ከማንኪራ በኩል አንድ አዛውንት ቢሮዬ መጡ። አባቶቻቸው ሲጸልዩበት የኖሩት፣ ቅጠሉ እንኳ የማይቀነጠስበት ደን ጠባቂ ናቸው። ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ «ክፍት መሬት» ተብሎ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ሲባል ሰምተው ደንግጠዋል።

«ምን ችግር አለ አባባ፣ በስምዎ ላስመዝግብልዎት» አልኳቸው።

«ኧረ ተው ልጄ! የኔ ነው ብል ነገ ልጆቼ ይካፈሉታል። የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የራሱ ነው።»

ሲስተሙ ደግሞ የባለይዞታ ስም ካልገባለት ንቅንቅ አይልም። ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ ደኑ መሀል የቆመውን ትልቁን የቀረሮ ዛፍ ባለይዞታ አድርጌ መዘገብኩት። የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባ። ልጆች፦ የሉትም። ሥራ፦ ግብርና። ሲስተሙ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አልቀበልም ስላለ ዕድሜውን መቶ አሥራ ዘጠኝ አደረግኩለት። የከተማው ፎቶ አንሺ ሄዶ አነሳውና በጉርድ አጠበው። አለቃዬ ፎቶውን አገላብጠው አዩና «ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት» አሉ። አዛውንቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ቅርንጫፎች በጣታቸው አሳዩዋቸው። የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር አለቃዬ ፈረሙ።

የይዞታ ደብተሩ ወጣ። አዛውንቱ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባሬን ሳሙኝ። እኔማ ሲስተሙን ሸወድኩት ብዬ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። አይ የኔ ነገር!

በክረምቱ ነፋስ ቀረሮው ወደቀ። ወዲያው ሻይ ቅጠል ሊተክል የቋመጠ ባለሀብት አመለከተ፤ ደብዳቤም ተጻፈ፦ ባለይዞታው በሞት ስለተለየና ወራሽ ስለሌለው መሬቱ ለመንግሥት ተመላሽ ይሁን።

«ቀልድ ነው እንዴ ይሄ?» ብዬ ጮህኩ።

«አንተው አይደለህ እንዴ የሞላኸው?» አሉ አለቃዬ። «ያላገባ፣ ልጅ የሌለው።»

አዛውንቱን አስጠርቼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀልድ አለመሆኑን ፊቴ ላይ ሲያዩ ግን ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እዚያ ደን ውስጥ ስንት ዛፍ ወድቋል። ይወድቃል፣ ይበሰብሳል፣ በላዩ ሌላ ይበቅላል። አንድም ቀን ደኑ ሞተ ያለ ሰው የለም። እንደ ሰው እንዲሞት ያደረግከው አንተ ነህ።»

አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አለቃዬ የተመላሹን ደብዳቤ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ የቀረው የባለሙያው ፊርማ ብቻ ነበር። የእንጀራ ነገር ሆነና፣ አዛውንቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያዩኝ ፈረምኩ።