የማይጎድለው ሰሃን

በሰፈሩ «ምርመራ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። በላውንደሪው ባንኮኒ ቆማ የሰው ኮት ስትረከብ ኪሱን ትገለብጣለች፣ ኮሌታውን ወደ ብርሃን ታስጠጋለች፣ ብብቱን ሳይቀር ታያለች። «ይቺ እድፍ ከእርስዎ ጋር ነው የመጣችው፤ ኋላ እናንተ ናችሁ እንዳይሉኝ» ትላለች ቀድማ። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ያቃጠለው ሱሪ በእሷ ተላክኮ ከሥራ ልትባረር ስትል እግዜር አውጥቷታል። ከዚያ ወዲህ ያላየችውን አታምንም፤ ያየችውንም ሁለቴ ታያለች።

ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛዋ እትዬ አደራቸውን የጣሉት እንግዲህ በዚህች ሴት ላይ ነው። ልጃቸው ልትወልድ ስለደረሰች ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ነበር። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩና የሽቦውን ቤት አሳዩዋት። ውስጡ አንድ ቢጫና አንዲት አረንጓዴ ወፍ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል።

«ሟቹ ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደው ድምፅ እነሱ ናቸው» አሉ እትዬ። «እነሱ ዝም ካሉ ቤቱ ይበላኛል። ሰሃናቸው እንዳይጎድል፣ ውሃቸው እንዳይቆሽሽ፤ ሌላ ጣጣ የላቸውም።»

«ሰው ሁሉ እያለ እኔን ለምን መረጡ እትዬ?»

«ኪስ የምትፈትሽ ሴት አደራ አትረሳም ብዬ ነዋ!»

ሰው አምኗት ቁልፍ ሲሰጣት የመጀመሪያዋ ነበር። ያን ቀን ስትጸልይ ስለ ቁልፉ ሳይቀር አመሰገነች።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት እየወጣች ውሃ ትቀይራለች። እህል ልትጨምር ስትል ግን ጎድጓዳው ሰሃን እንደሞላ ታገኘዋለች። በማግስቱም ሙሉ። «ምን ዓይነት ጥጋበኞች ናቸው!» ብላ ሳቀች። እያደር ግን ሳቋ ቀረ። ወፍ እየበላ ሰሃን እንዴት አይጎድልም? ሰው እየጨመረበት ካልሆነ በቀር።

ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ አልሄደችም። በሕንፃው መግቢያ፣ ከደረጃው ሥር፣ አንድ ቁልፍ ቀራጭ አሉ። የእትዬ በር ዓምና አልከፈት ሲል ቁልፉን የቀየሩት እሳቸው ናቸው። ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ለራሱ አንድ ማስቀረት ምን ይቸግረዋል? ደግሞ ባለፈች ቁጥር ይጠይቋታል።

«እህቴ፣ ወፎቹ እንዴት ናቸው? ዛሬ እኮ ድምፃቸውን አልሰማሁም።»

«ደህና ናቸው ጋሼ» ትላለች። በሆዷ ግን፣ «የሰው ወፍ ምን አሳሰባቸው? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!» እያለች ደረጃውን ትወጣለች።

አንድ ጠዋት በሩና መቃኑ መካከል ቀጭን ክር አጣብቃ ሄደች። ስትመለስ ክሩ እንደነበረ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ያርፍ ነበር። ምርመራ ግን፣ «አይተውታል፤ መልሰው አጣብቀውታል» አለች። የእትዬን ዕቃ በዓይኗ ለቀመችው፤ የጎደለ የለም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። ምንም የማይወስድ ሌባ ከሌባ ሁሉ ይከፋል።

ከዚያ ወፎቹ ዝም አሉ። አረንጓዴዋ ላባዋን ነፍታ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ቢጫው ከመቆሚያው ወርዶ ወለሉ ላይ ኩርምት ብሏል። ሰሃኑ ሙሉ ነው። የሚጨመረው ነገር መርዝ ቢሆንስ? ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም።

«ቁልፉን አምጣ!» አለች። ጋሼውም አንቱታውም እዚያው ቀረ።

«የምን ቁልፍ?»

«የእትዬን ነዋ! ወፎቹን ምን አበላሃቸው?»

ቁልፍ ሊያስቀርጽ የቆመ ደንበኛ፣ «እንዴ ጋሼ፣ ወፍ ላይ ዘመቱ?» ብሎ ሳቀ። ቁልፍ ቀራጩ አልሳቁም። ማሽናቸውን አጠፉ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በር ስከፍት ሳልጠራ የገባሁበት ቤት የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ነይ ምሪኝ፤ አብረን እንየው።»

ላይ ሲደርሱ ሰሃኑን አውጥተው አገላበጡና፣ «ይኸው ሙሉ ነው» አሉ።

«እኮ!»

ሊያሸቱት ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ከዚያ ቁልፍ ቀርጸው በጨረሱ ቁጥር ብናኙን እንደሚያራግፉት፣ ሳያስቡት እፍ አሉበት። ገለባው ቦነነና ፀጉሯና ቅንድቧ ላይ አረፈ። ሰሃኑ ውስጥ አንዲት ፍሬ እንኳ የለም።

 ወፎቹ ፍሬውን እየፈለፈሉ ልጣጩን እዚያው ሰሃኑ ላይ ሲጥሉት ከርመዋል። የሰው ኪስ ሁሉ የምትገለብጥ ሴት ይህን አንድ ሰሃን አልገለበጠችውም።

«በረሃብ ገደልኳቸው» አለች።

«አልሞቱም። እህሉ የት አለ?»

ከረጢቱን ጠቆመቻቸው፤ የጨመሩት እሳቸው ናቸው። አረንጓዴዋ ወዲያው ወረደች። ቢጫው ግን ንቅንቅ አላለም። ቁልፍ ቀራጩ ብረት ባጠቆረው ጣታቸው ፍሬ ይዘው ወደ ምንቃሩ አስጠጉለት። እሷ ለጸሎት ቃል አጥታ «ጌታዬ፣ ጌታዬ» ብቻ ትላለች። ወፉ ቆየት ብሎ አንዷን አነሣ፤ ፈለፈላት፤ ልጣጯን ጣላት። ምርመራ ከዚያች ልጣጭ ያማረ ነገር አይታ አታውቅም።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ጋሼ ተመለሰች? ታች እኮ አንተ ሆኜ ነበር!»

ታች ወረደችና ቁልፉን እየጠበቀ በቆመው ደንበኛ ፊት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሳቸው ንጹሕ ናቸው» አለች። ለእትዬም ደውላ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እኔ እኮ ሁሌ እፍ ብዬ ነው የምሞላው። ልምድ ሆኖብኝ መንገሩን ረሳሁት። ፈጣሪ ጠበቃቸው፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ እኔ ቀን ቀን ሥራ ነኝ። ጋሼም እንዲያዩልኝ አንድ ቁልፍ ይቀረጽላቸው?»

«ይቀረጽ እንጂ!»

ቁልፍ ቀራጩ ቀርጸው ጨረሱ፣ እፍ አሉበት፣ ዋናውን መለሱላት። ከዚያ ተነሥተው የሱሪያቸውን ኪሶች ጎልጉለው አወጡ።

«አንድ ብቻ ነው የቀረጽኩት። ትፈትሺኛለሽ?»

«ኧረ ይመልሱት ጋሼ!» አለች በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና እየሳቀች።

በዚህ መሀል ከላይ መስኮት ቀጭን ድምፅ ወረደ፤ ቀጥሎም ሌላ። ቁልፍ ቀራጩ ኪሳቸው እንደተገለበጠ ቀና አሉ።

«ዛሬስ ሰማኋቸው» አሉ።