«የቆመ» እና «ያለፈ»

አጎቴ አንድ መንገድ ዳር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ሥራው መኪናቸውን ለሚያቆሙ ሰዎች ደረሰኝ መቁረጥ ነው። «እዚህ መንገድ ላይ በነፃ የምቆመው እኔ ብቻ ነኝ» ይላል፤ ሲለው ግን አይስቅም።

ባለፈው ዓመት ከተማው በመኪና ታነቀ። ማዘጋጃ ቤቱም ሁለት ሐሳብ ያዘ፤ ወይ የማቆሚያ ዋጋ ይጨመር፣ ወይ መሀል ከተማ የሚገባ መኪና ሁሉ በካሜራ እየታየ ይክፈል። የመጀመሪያው ከጸደቀ አጎቴ ሥራው ላይ ይቆያል፤ ሁለተኛው ከጸደቀ ጃንጥላውን አጥፎ ቤቱ ይገባል። ለመወሰን ቆጠራ ያስፈልጋል ተባለና፣ መንገዱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ቅጹን ለእሱ ሰጡት። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ «የቆመ» እና «ያለፈ»።

ሚስቱ ደስ አላት። «እግዜር እስክሪብቶውን በእጅህ አስያዘህ። የቆመውን በዛ አድርገህ ጻፍ።»

«ያላየሁትን?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ልጆች አሉህ። እነሱንስ አይተሃቸዋል?»

አንድም አልጨመረም። ሳምንት ሙሉ ምሳውን ቆሞ እየበላ ቆጠረ። የጥርስ ሐኪሟ ቦታ ፍለጋ አራት ጊዜ ዞራ በአምስተኛው ስትቆም፣ አራት «ያለፈ»፣ አንድ «የቆመ» ብሎ ጻፈ። ባለሱቁ ሰባት ጊዜ ዞሮ ቦታ አጥቶ ሄደ፤ ሰባት «ያለፈ»። ሁለቱም የዘመናት ደንበኞቹ ናቸው። ቅጹ ግን ለሚዞር ሰው ዓምድ የለውም፤ አጎቴ ደግሞ በመንግሥት ወረቀት ላይ የራስን መስመር ማስመር ነውር ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል። እሱን ግን እወደዋለሁ።

የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያዎች ቅጹን አይተው ተገረሙ። ከአሥር መኪና ስምንቱ ሳይቆም የሚያልፍ ከሆነ፣ የማቆሚያ ዋጋ መጨመር ምን ይፈይዳል? ካሜራው ተተከለ። ለአጎቴም «ስላደረጉት ጥንቃቄ የተሞላበት ቆጠራ» የሚል የምስጋና ደብዳቤና የስንብት ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ደረሰው።

በመጨረሻው ቀን ዕቃውን ላግዘው ሄድኩ። መንገዱ ጭር ብሏል። የጥርስ ሐኪሟ አንዴም ሳትዞር መጥታ ቆመች።

«ያ ሁሉ መኪና የት ገባ?» አለችው።

«ግማሹ እርስዎ ነበሩ» አላት፤ ስለ ቅጹም ነገራት።

«ታዲያ እየዞርን መሆኑን ለምን አልነገርካቸውም?»

«አልጠየቁኝማ።»

ሐኪሟ ቦርሳዋን ከፍታ ሒሳቡን ስትፈልግ እጁን አወዛወዘ።

«ይተዉት። የደረሰኝ ጥራዙን ጠዋት አስረክቤያለሁ» አለ። «ዛሬ እርስዎም እንደኔ በነፃ ይቁሙ።»