ልጅ የተጠበቀበት ቀጠሮ

መንግሥት ሕግ ለሚማር ልጅ ማበደሩ ደግ ነው ወይስ ክፉ እያሉ የልጅ ልጆቼ ምሳ ላይ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ «ባያበድር ኖሮ ሕግ የሀብታም ልጅ ብቻ ይሆን ነበር» ይላል። እህቱ ደግሞ «አበድሮ አንገት ከሚይዝ ባያበድር ይሻላል» ትላለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። አሮጊት ስለ መድኃኒቷ እንጂ ስለ ሕግ ምን ታውቃለች! ቢጠይቁኝ ግን ስለ አባቴ እነግራቸው ነበር።

ያደግነው አቃቂ ነው፤ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣ የፋብሪካው ጡሩምባ እንደ ሰዓት በሚያገለግልበት ሠፈር። አባቴ የዚያው አካባቢ ገበሬ ልጅ ነበሩ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት ሞፈሩን ለወንድማቸው ትተው ሽመና ክፍል ገቡ። በሥራቸው ይኮሩ ነበር። ገበያ ላይ አቡጀዴ ሲያዩ በጣታቸው እየዳበሱ «ይሄ የኛ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ቀኝ እጃቸውን ይዞ ገባ። ሦስት ጣቶቻቸው እዚያው ቀሩ። ፋብሪካው «ጥፋቱ የሠራተኛው ነው» ብሎ የወር ደመወዛቸውን ሰጥቶ አሰናበታቸው። አባቴ ስለ ጣቶቻቸው ሲያለቅሱ አላየሁም። ያንገበገባቸው ያች «ጥፋቱ የሠራተኛው ነው» የምትለዋ ቃል ናት። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» እያሉ ሄደው ከሰሱ። ካሳው ቢመጣ አይጠሉም ነበር፤ የፈለጉት ግን ጥፋቱ የሳቸው አለመሆኑ በችሎት ፊት እንዲነገርላቸው ነው።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕግ ትምህርት ቤት ለሚገቡ ጥቂት ልጆች ወጪያቸውን ሸፍኖ፣ የኪስም ሰጥቶ ሊያስተምር ነው ተባለ። ብድሩ የሚመለሰው በአገልግሎት ነው። ተመራቂው መንግሥት በመደበው ቦታ ዓመታት ያገለግላል፤ አላገለግልም ካለ የወጣበትን ሁሉ ይከፍላል። ለዚህም ንብረት ያለው ዋስ መጥራት አለበት።

የኛ ንብረት ሁለት አልጋና አንድ ላም ነበር። ዋስ የሆኑልን ፊት ለፊታችን ሱቅ የነበራቸው የስልጤ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አባቴ ሽማግሌ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሊለምኗቸው ሲገቡ፣ እንግዶቹ ገና ሳይቀመጡ ጋሼ ነገሩ ገባቸው። «ይሄ ልጅ እኮ ሱቄ በር ላይ በኔ ፋኖስ ያጠና ልጅ ነው። ለሱ ያልሆነ ሱቅ ለማን ይሆናል?» ብለው ነገሩን ጨረሱት።

ሊፈርሙ ሲሄዱ እኔም ተከትያለሁ። ጸሐፊው ውሉን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «የመንግሥት ሰው ሆኖ ያገለግላል» የሚለው ላይ ሲደርስ አባቴ ፈገግ አሉ። ስንመለስ «ሰማሽ?» አሉኝ፤ «ተራ ጠበቃ አይደለም የሚሆነው። የመንግሥት ሰው ሆኖ ነው የሚሟገትልኝ።» እኔም አመንኩ። የምናውቀው ዓለም እንዲያ ነበራ! ችሎት ውስጥ ዘመድ ያለው ይረታል፣ የሌለው በር ላይ ቆሞ ይውላል። የመንግሥት ሰው የሆነ ልጅ ለአባቱ መቆም አይችልም ብሎ የሚያስብ በሠፈራችን አንድም ሰው አልነበረም።

አገሩ ሁሉ ቀጠሮን ይረግም በነበረበት ዘመን አባቴ ቀጠሮ ለማኝ ሆኑ። ዳኛው «ምስክርዎን ያቅርቡ» ሲሏቸው አንዱ ታሟል ይላሉ፤ ሲድን ሌላው ለቅሶ ሄዷል ይላሉ፤ እሱ ሲመለስ ደግሞ ዳኛው ራሳቸው ተዛውረው አዲስ ሰው ይጠብቀናል። እውነተኛው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው እስኪደርስላቸው። የፋብሪካው ነገረ ፈጅ አንድም ቀን ተቃውሞ አያውቅም። እጅ ነሥቶ ይወጣል። እኛማ ደግ ሰው መስሎን «እግዜር ይስጠው» እንል ነበር።

እኔ ሰባተኛ ክፍልን አቋርጬ፣ የአባቴን ጣቶች የበላው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ተቀጠርኩ። ቤቱ መብላት ነበረበት። ከሥራ ስመለስ የጥጥ ብናኝ ጸጉሬን ስለሚሸፍነው እናቴ «ዛሬም አርጅተሽ መጣሽ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔ ግን አልስቅም። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ሲመጣ እቀና ነበር፤ ምን ይደበቃል። መንግሥት ለሱ ትምህርት አበደረ፤ ለእናቴ ማጀት ያበደረ ግን የለም። እሱን የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ስለ ብድር የሚከራከሩ ሰዎች ይህቺን ሲያነሡ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ወንድሜ ትምህርቱ እየገፋ ሲሄድ ነገሩ ገባው። «አባባ፣ እኔን አይጠብቁ፤ ጠበቃ ይያዙ» ብሎ ደጋግሞ ለመናቸው። እሳቸው «አልበቃ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው» ይሉና ለጎረቤት ትሕትናውን ያወሩለታል።

ተመረቀ። ጋሼ በግ ጎትተው መጡ፤ ሠፈሩ ተሰብስቦ በላ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምደባው ተሰማ፤ ዳኛ ሆኗል፤ ያውም የአባቴ ክስ ባለበት ፍርድ ቤት። አባቴ ደጅ ወጥተው መሬት ሳሙ። ወንድሜ ግን እህል አልቀምስ አለ።

«አባባ፣ ይስሙኝ» አላቸው። «እኔ በተቀመጥኩበት ችሎት የአንቱ ጉዳይ አይታይም። ጠበቃ ሆኜም ልቆምልዎ አልችልም። የመንግሥት ነኝ።»

አባቴ ሳቁ። «ሰው ፊት እንዲያ በል፤ ደግ ነው። እኔም አላጋልጥህ።»

የቀጠሮው ዕለት ነጭ ኩታቸውን በወጉ አደገደጉ፤ ቋጠሮውን የቋጠርኩላቸው እኔ ነኝ፣ እጃቸው ስለማይችል። ወንድሜ ከሦስቱ ዳኞች በስተግራ ተቀምጧል። መዝገቡ ሲጠራ አባቴ ወደፊት ወጡ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አላየሁም። ያኔ ወንድሜ ከወንበሩ ተነሣ።

«ከሳሹ አባቴ ናቸው። ይህን ጉዳይ ለማየት አልችልም።»

ይህንን ብሎ በዳኞቹ ጓዳ በር ወጣ። አባቴ በሩን እያዩ ቀሩ። ከኋላዬ አንዱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ያያል!» ሲል ሰማሁ። ዞሬ ልሰድበው አሰብኩ፤ ግን እኔም በልቤ ተመሳሳይ ነገር እያልኩ ነበር።

በዚያ ላይ ለፋብሪካው የቆመው የለመድነው ነገረ ፈጅ አልነበረም። አዲስ ሱፍ የለበሰ ወጣት ነው። አወቅሁት። ወንድሜ ሲመረቅ አብሮ የተመረቀ ጓደኛው ነው፤ ከኛው በግ በልቷል። እሱም የተማረው በዚያው የመንግሥት ውል ነበር። ፋብሪካው ወጪውን ከፍሎ ከግዴታው አስፈታውና ወሰደው። ወንጀል አልሠራም። ያገልግል ወይም ይክፈል ነው የሚለው ውሉ፤ እሱ ከፋይ አገኘ። ለካ ያ ግዴታ አጥብቆ የሚይዘው ከፋይ የሌለውን ልጅ ነው።

ሌሎቹ ዳኞች ለሌላ ቀን ቀጠሩንና ወደ ቤት ተመለስን። ወንድሜ ሲመጣ ጋሼን ከሱቃቸው ጠርቶ ይዟቸው ገባ። «ውሉን ልተው» አለ። «ከዳኝነቱ ልውጣና ለአባባ ልቁም። ግን እኔ ከወጣሁ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ሱቁ ይሄዳል።»

ጋሼ ጉልበታቸውን እያሻሹ ቆዩ። «ሱቅ ተመልሶ ይመጣል» አሉ በመጨረሻ። ዓይናቸው ግን በሩን አልፎ ሱቃቸው ላይ ነበር፤ ቤት ሙሉ ልጆች አሏቸው።

አባቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «አይሆንም! በኔ ጣት የሰው ሱቅ አይዘጋም። ዋሱን አሳልፎ የሚሰጥ ልጅ አላሳደግሁም። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።» ወንድሜ እግራቸው ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ያቄምኩበትን ያን ጊዜ ተውኩት።

አባቴ ብቻቸውን ተሟገቱ። አሁን ቀጠሮ የሚሰጥ አልነበረም፤ ዳኞቹ ምስክር አምጡ አሉ። የትኛውን ምስክር? አደጋው ሲደርስ አጠገባቸው ከነበሩት አንዱ ሞቷል። አንዱ አገሩ ገብቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ሦስተኛው በዚያው ፋብሪካ ካቦ፣ የሠራተኛ አለቃ፣ ሆኖ እኛን መንገድ ላይ ሲያይ ይሻገራል። ወጣቱ ነገረ ፈጅ ተነሥቶ፣ ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ማስረጃ እንዲቀርብ ሲታዘዝ ሁልጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቁ የኖሩት ከሳሽ ራሳቸው ናቸው» አለ። ውሸት የለበትም።

«አባቴ፣ ለምን ነበር ያን ሁሉ ቀጠሮ የጠየቁት?» አሏቸው የመሐል ዳኛው።

አባቴ የጎደለ እጃቸውን ኩታቸው ውስጥ ከተቱ። «ልጄን ስጠብቅ ነው» አሉ።

ክሱ በማስረጃ አልተደገፈም ተብሎ ተዘጋ። ወንድሜ ግቢው በር ላይ ፀሐይ እየመታው ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጠጋ ብሎ የአባቴን የኩታ ቋጠሮ ፈታና ትከሻቸው ላይ አለበሳቸው። «አልፈርድብህም» አሉት። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ክስ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። አባቴ ሲሞቱም ጥፋቱ የሳቸው እንደሆነ ነው፤ በወረቀት።

እንግዲህ ብድሩ ደግ ነው ወይ? ያለ እሱ ወንድሜ ከአባቴ ቀጥሎ ያው ቺንጋ ሥር ይቆም ነበር። ስለዚህ ደግ ነው እላለሁ፤ መንግሥትን አመሰግናለሁ። ግን አንድ ድኻ ቤት ያለውን ሁሉ ዘርቶ ያሳደገውን ልጅ ብድሩ ለሌላው ሁሉ ሰጥቶ ያን ቤት ባዶ እጁን እንዳስቀረው፣ ከፋይ ያለው ደግሞ በር ተከፍቶለት እንደወጣ አልረሳም። ይህንን እያወቀ የሚያበድር ያበድር።

አባቴ ከሞቱ በኋላ አንድ ቀን የአባታችንን ቤት ቁልፍ ላቀብለው ወደ ወንድሜ ሄድኩ። ግዴታውን ከጨረሰ ቆይቷል፤ ዳኝነቱን ግን አልተወም። ችሎት ላይ ስለነበር ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዋን ያደገደገች አንዲት ሴት ፊቱ ቆማ ቀጠሮ ይሰጠኝ ትላለች። ወንድሜ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እናቴ፣ ማንን እየጠበቁ ነው?»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች። ይህንን ጥያቄ ቀጠሮ ለሚለምን ሁሉ እንደሚጠይቅ ያወቅሁት አጠገቤ ያሉት ሰዎች ሳይገረሙ ሲጠብቁ አይቼ ነው።

«ማንንም አይጠብቁ» አላት። «ዛሬ ይናገሩ፤ እኔ እሰማለሁ።»