የመስኮቱ ካፒቴን

ዛሬ ጠዋት በሌለ ሬሳ ድንኳን ላስተክል ነበር። የልጅ ልጄ ቤዛዊት ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ትጨቃጨቃለች። ለዓመታት በየክፍሉ ሲወጣ የኖረ አንድ የጠፈር ፊልም ዘንድሮ ጥቁር ሴት ካፒቴን አምጥቷል፤ ግማሹ «ፊልማችንን አበላሹት» ይላል፣ ግማሹ «እሰይ» ይላል። እኔ ደግሞ ክርክር ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ስልኬን አንስቼ «የድሮው ካፒቴን ሞቷል! አልቅሱና ተቀበሉት!» ብዬ በድምፅ ላክሁላት። የደረሰው ግን ለእድራችን አባላት ነው። ወዲያው የእድሩ ዳኛ ደወሉ።

«ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ካፒቴኑ የእርስዎ ወገን ናቸው ወይስ የባለቤትዎ?»

ቤዛዊት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥሁት። እንዲህ ያለውን ንግግር ከዚህ በፊትም አድርጌው አውቃለሁና።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ሠላሳ ያልሞላኝ፣ ከጎጃም መጥቼ ቦንጋ የተመደብሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በእትዬ አስካለ ቪዲዮ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጬ ፊልም አስተረጉማለሁ። እንግሊዝኛዬ ግማሹ ግምት ነበር። ሞተ ያልሁት ሰው በሚቀጥለው ክፍል ብቅ ሲል «ታክሞ ድኗል» ብዬ አልፌዋለሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ቤቱ የረጠበ ጋቢ እና የናፍጣ ሽታ ነበረው። በር ላይ በዳጣ የሚበላ ትኩስ የጎደሬ ቅቅል ይሸጣል፤ ያን የመሰለ ጎደሬ ከዚያ በኋላ አልበላሁም። ቆርቆሮው ላይ ያው የቦንጋ ዝናብ፤ ክረምት በጋ የማይለይ።

አደሎ የሚባል እኩያዬ ነበር። ከፈረሰው ጦር ተመልሶ ከሰል እያከሰለ ገበያ ያወጣል፤ አማርኛውን ሰሜን ዘምቶ የተማረ ነው። ማንጆ ከሚባሉት ወገኖች ስለሆነ በዚያ ዘመን ማንም አብሮት አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጥም። ጠላ ቢያምረው በእንሰት ቅጠል ይቀዱለታል እንጂ ብርጭቆ አይሰጡትም። ስለዚህ እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ፣ ውጭ ቆሞ በመስኮት ያያል። «ጦር ሜዳ ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው» ብሎኛል አንድ ቀን። እኔ እንዲሰማው ብዬ ድምፄን ወደ መስኮቱ ከፍ አደርጋለሁ። ይህን እንደ ትልቅ ውለታ እቆጥረው ነበር፣ ጉድ እኮ ነው።

አንድ ቅዳሜ የምንከታተለው የጠፈር ፊልም አራተኛ ክፍል ከጅማ መጣ። ካፒቴኑ ተለውጦ ጥቁር ሰው ሆኗል። ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨረሰና ጠፋ። ናፍጣው እስኪመጣ ክርክሩ ፈነዳ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣብን?» አሉ ልብስ ሰፊው ጋሽ በቀለ። «መርከቡ የፈረንጅ፣ ሰማዩ የፈረንጅ! እኛን የሚመስል ሰው ምን ቤት ነው?»

«ጋሽ በቀለ፣ ቤትዎ መስታወት የለም እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳቀ።

እኔ ብድግ አልሁ። «ጠፈር የማንም ርስት አይደለም!» አልሁ እጄን እያወናጨፍሁ። «በዚያ መርከብ ለሰው ልጅ ሁሉ ወንበር አለ!» ተጨበጨበልኝ። ቁመቴ አንድ ክንድ የጨመረ መሰለኝ።

«መምህር» አለ አደሎ ከመስኮቱ፣ ከኮፍያው ዝናብ እየተንጠባጠበ። «እዚያ መርከብ ሁሉም በአንድ ብርጭቆ ነው የሚጠጡት?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው የቀረችውን ገብቼ ልያት? ካንተ ጎን ቦታ አለ።»

እውነቱን ነው፣ አግዳሚዬ ግማሹ ባዶ ነበር። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው «መምህር፣ ተው» አሉኝ በሹክሹክታ። «እሱ ከገባ ሌላው ይወጣል። ቤቴን ያዘጋኛል።» ሁሉም እኔን ያያል። ከእኔ የሚጠበቀው ትንሽ ጠጋ ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚያድነኝን ቀልዴን አወጣሁ።

«አደሎ፣ አንተማ የመስኮቱ ካፒቴን ነህ! ቦታህን ለማን ትተህ ትገባለህ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት ጋሽ በቀለ ናቸው። አደሎም ፈገግ ያለ መሰለኝ። ኮፍያውን አስተካከለ። «ይሁን፣ መምህር» አለና ሄደ።

ናፍጣው መጣ፣ ፊልሙ ቀጠለ። እኔም እስከ መጨረሻው እየጮህሁ፣ ፊቴን ወደዚያ ባዶ መስኮት አዙሬ አስተረጎምሁ። አንዱ «መምህር፣ እኛ እዚህ ነን እኮ!» ብሎኛል።

ከዚያ በኋላ አደሎ ገበያ አልወጣም። በዓመቱ ለፈተና ቁጥጥር ደካ በምትባል የገጠር ቦታ በኩል ስናልፍ እዚያ እንደሚኖር ሰማሁ። ሰዎች ከመንገዱ ቁልቁል የምትወርድ ቀጭን መንገድ አሳዩኝ፤ ጭቃ ነበረች፣ እኔ ደግሞ አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። ስመለስ እወርዳለሁ አልሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

«አባባ፣ ስለ ካፒቴኑ ያልከውን ለጓደኞቼ ልላክላቸው?» አለችኝ ቤዛዊት ሳቋን ጨርሳ። «በጣም ያምራል።»

«ተይው» አልኋት።

ንግግር ድሮም አላጣሁም። ያቺን የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ ከነቃሏ አስታውሳታለሁ፤ ካፒቴኑ ምን እንዳለ፣ መርከቧ የት እንዳረፈች። አደሎ ከፍሎባት ነበር። እኔ ግን አላስተረጎምሁለትም።