ከከባዱ ግጥሚያ በኋላ የመጣው ሄልሜት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የስፖርት ዕቃ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ሚስተር ፍራንክ ላብ የጠጣ ሄልሜት አስታቀፈኝና «እጠቢው» አለኝ። ሰላምታው ይኸው ነበር። ከምኖርበት ከዌስተን ሰፈር ባስ እየቀያየርኩ ነው የደረስኩት። የቢሮ ሥራ መስሎኝ ደህና ጫማዬን አድርጌ ነበር። ክፍሉ ግን ምድር ቤት ነው፤ ሽታው ገና ደረጃው ላይ ይቀበላል።

የእነሱን ፉትቦል ያላየ ሰው እንዳይሳሳት፤ የኛ እግር ኳስ አይደለም። ሞላላ ኳስ ይዘው የሚጋጩበት ጨዋታ ነው። የእኔ ሥራ የትከሻ ፓድ ማሰር፣ የላላ ብሎን ማጥበቅና ሄልሜቱን በየልጁ ራስ ልክ ማድረግ ነበር። ውስጡ ያሉትን ከረጢቶች በትንሽ ፓምፕ አየር እሞላለሁ። ከዚያ ልጁ ራሱ ላይ አጥልቆት የፊቱን ብረት ይዤ እወዘውዛለሁ። የግንባሩ ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው። ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ልጁ ሜዳ አይገባም።

በሄልሜቱ ግንባር ላይ ነጭ ቴፕ ለጥፌ የልጁን ስም እጽፋለሁ። ቡድኑን የሚለቅ ልጅ ሄልሜቱን ዕቃ በምንቀበልበት መስኮት ላይ ገልብጦ ያስቀምጣል። ሚስተር ፍራንክ ለዚህ ያስተማረኝ ደንብ አጭር ነው፤ «ለምን ብለሽ አትጠይቂ። ቴፑን አንሺና መደርደሪያው ላይ መልሺው።»

ጥቂት ዓመታት እንደሠራሁ ቡድናችን ሳሳ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስ ካረን ወርዳ መጣችና ባለቤት አልባ ሄልሜቶቹን አየች። «ከዚህ በኋላ ብዙ ልጆች ከለቀቁ ቡድኑን እዘጋዋለሁ» አለች። ቡድኑ ተዘጋ ማለት እኔም ሁለት ልጆቼን ይዤ ሥራ ፈታሁ ማለት ነው።

አዲሱ አሰልጣኝ ኮች ሮይ በዚያው ሰሞን ከሊጋችን ውጭ ካለ ቡድን ጋር ግጥሚያ ያዘ። ሊጉ ሳይጀምር የሚደረግ፣ ለነጥብ የማይቆጠር ግጥሚያ ነው። ደካማ ቡድን መምረጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ፈልጎ ፈልጎ ስሙ ብቻ የሚያስፈራውን አመጣ።

«ልጆቹ ይሸሹብሃል» አለው ሚስተር ፍራንክ፣ እኔው ፊት።

«ደካማ አሸንፈው ሊጉ ውስጥ ከሚደነግጡ፣ አሁኑኑ ይደንግጡ» አለ ኮች ሮይ።

የኔን ሐሳብ ማንም አልጠየቀም። ቢጠይቁኝ ሰውዬው አብዷል እላቸው ነበር።

የቡድኑን ባስ የሚነዱት ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ተረት የማያልቅባቸው የስካርቦሮ ሰፈር ያገራችን ሰው ነበሩ። በጉዞው ዕለት ዕቃ ስንጭን፣

«ጋሽ ወርቁ፣ ይሄን ጌም ካንስል ቢያደርገው ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ካልደፈረሰ አይጠራም።»

«እርስዎ ምን አለብዎት፣ መሪ ነው የሚይዙት። ትከሻው የሚሰበረው የነሱ።»

«ሪላክስ አድርጊ እንጂ» አሉኝ። 

ዴቨን የሚባል የኤግሊንተን ዌስት ሰፈር ልጅ ነበረን፤ እናቱ ጃማይካዊት ናት። መሃል ላይ አጎንብሶ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብለው እሱ ነው። ሌላ የሚችልበት ሰው ስላልነበረን፣ ዴቨን ከሄደ ቡድን የሚባል ነገር የለም። ያን ቀን ከፊቱ የተተከለው ተጋጣሚ ቁም ሣጥን ያክላል። ዴቨንን ያነጥፈዋል፤ ዴቨን ይነሣል፤ ደግሞ ያነጥፈዋል። የአገጩ ማሰሪያ ተበጥሶበት ወደኔ ሲመጣ ቀየርኩለት። «ደህና ነህ?» ብለው ሄልሜቱን ከእጄ ነጥቆ ወደ ሜዳው ተመለሰ።

ተቀጠቀጥን። ውጤቱን ማንሣት አልፈልግም። አንድ ልጃችን የአንገት ሥሩ አጥንት ተሰብሮ በአምቡላንስ ሄደ። ስንመለስ ጋሽ ወርቁ እንኳ ተረታቸው ጠፋባቸው።

ሰኞ መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የተሰበረውን ልጅ ሄልሜት ወንድሙ አመጣው። ቴፑን አነሣሁ። ቀጥሎ ሌላ ልጅ መጣ፤ ዓይኔን ሳያይ አስቀምጦ ሄደ። የሱንም አነሣሁ። ኮች ሮይን ጠላሁት፤ እውነቴን ነው።

ከዚያ ዴቨን መጣ። ሄልሜቱን ገልብጦ መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ቆመ።  በደንቡ መሠረት ምንም ሳልጠይቅ ቴፑን በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ።

«ሚስ ጽጌ፣ ስሜን ለምን ታነሺዋለሽ?»

«ለቀህ አይደል?»

«ማን ነገረሽ? ከውስጥ አየር እያፈሰሰ ነው። ገልብጬ ያመጣሁት እንድታዪልኝ ነው። ልምምድ ሳይጀመር ስሪልኝ።» ቀጥሎም፣ «በሊጋችን ውስጥ እንደዚያ ሲያነጥፈኝ እንደዋለው ሰውዬ ያለ የለም። አሁን ማንም ይምጣ» አለ።

እንባዬ መጣ፤ በአቧራው አሳበብኩ። ከረጢቱን ቀየርኩ፤ አዲስ ቴፕ ለጥፌ ስሙን ከቀድሞው አጉልቼ ጻፍኩ።

በሊጉ ያሸነፍንበትም የተሸነፍንበትም ጊዜ ነበር፤ ከሁለቱ ሌላ የለቀቀ ስላልነበረ ግን ቡድኑ አልተዘጋም። የተሰበረው ልጅ ዳግም አልተጫወተም። ስለዚህ ኮች ሮይ ልክ ነበር ለማለት ዛሬም አፌን ይይዘኛል፤ ልክ አልነበረም እንዳልልም ዴቨንን አይቻለሁ።

ከከባድ ቡድን ጋር መጋጠም ይበጅ ይሆናል። ለዕቃ ክፍል ባልደረቦቼ የምለው ግን ሌላ ነው፤ ሄልሜቱን ልክ አድርጉ፣ ልጁም በገዛ አፉ ለቀቅሁ ሳይል ስሙን አታንሡ።