ሁለት ፕሮሰሰሮች በሻይ ሲለኩ

የልጅ ልጄ እዚህ ዓረብ አገር፣ ሽሜሳኒ በሚባል ሰፈር ያለ አንድ የቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ሥራ ልትገባ ፈተና ተሰጣት። አንድ የሰርግ ፊልም ቆራርጣና አሳምራ እስከ ሐሙስ ካስረከበች ቤቷ ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ታገኛለች፤ ካላስረከበች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ኮምፒውተር ደግሞ የላትም። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ጀበል አል-ሁሴን ገበያ ውስጥ ወዳለ የኮምፒውተር ሱቅ ሄድን። እኔ የሄድኩት እንዳትታለል ለመጠበቅ ነው። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለ ሰው ግን አውቃለሁ።

መንገድ ላይ ነገሩን አስረዳችኝ። ኮምፒውተር የሚያስብበት ፕሮሰሰር የሚባል ነገር አለው፤ ከብስኩት አይበልጥም። ርካሽም ውድም አለ። ውዱን ከገዛን ለስክሪን የሚተርፍ የለም።

«ስክሪን ከሌለው ሥራሽን በምን ታዪዋለሽ?»

«አላየውማ፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ሊረባሽ ነው? አስቦ አስቦ ለራሱ ሊያወራ?»

ባለሱቁ ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ውዱ ላይ «ፈጣን»፣ ርካሹ ላይ «ቀርፋፋ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። የልጅ ልጄ ይዛ የመጣችውን የሰርግ ፊልም በሁለቱም ከፈተው። ውዱ ላይ ሙሽራዋ ወዲያው ብቅ አለች። ርካሹ ላይ እስከ አፍንጫዋ መጥታ ቆመች፤ አገጯን ቆመን ጠበቅን።

«አዩ ሃጄ?» አለኝ፤ እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ሃጄ ናት። «እዚህኛው ላይ ወልዳለች፣ እዚያኛው ላይ ገና እየተኳለች ነው።»

የልጅ ልጄ ፊቷ ጥቁር አለ። እኔ ግን ያቺን «ቀርፋፋ» የምትል ወረቀት ሳይ ደሜ ፈላ። ፀጉሬ ሳይሸብት ዴር ግባር በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ሁለት የቤት ሠራተኞች ነበርን። ጓደኛዬ ላይኛውን ፎቅ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ፣ እኔ ታችኛውን በእጅ መጥረጊያ እንጠርጋለን። ማዳም ሰዓቷን እያየች «አንቺ ቀርፋፋ ነሽ» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ መጥረጊያችንን አለዋውጣ አላየችም።

«ክፈታቸው» አልኩት ባለሱቁን።

«ምኑን?»

«ሁለቱንም። ሆድ ዕቃቸውን ልየው።»

ሳቀ። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያኔ እንደማልሄድ ገባውና ብሎኑን መፍታት ጀመረ።

ውዱ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ ያሉ ሁለት ነገሮች ተሰክተዋል። ርካሹ ውስጥ አንድ ብቻ።

«ለዚህ ሁለት፣ ለዚያ አንድ፤ ለምን?»

የልጅ ልጄ ጎንበስ ብላ አየች። «እማማ፣ ይኼ ራም ነው፤ ሲበዛ ሥራ ያቀላጥፋል። ፊልሙ የሚቀመጥበት ዲስካቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ለውዱ አዲሱን ፈጣኑን፣ ለርካሹ ያረጀውን ነው የሰጠው።»

«እና የተወዳደሩት ፕሮሰሰሮቹ ናቸው ወይስ ዲስኮቹ?» አልኩት።

ባለሱቁ ጣሪያውን አየ።

«ለርካሹም እኩል ስጠው።»

«ሃጄ፣ ሌላ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

ደንበኛው ለልጁ ኮምፒውተር ሊገዛ የመጣ አባት ነበር። «አንተስ ማወቅ አትፈልግም?» አልኩት። «እፈልጋለሁ» አለና እሱም ወንበር ሳበ። ባለሱቁ ተሸነፈ።

አሁን ሙሽራዋ በሁለቱም ላይ እኩል ብቅ አለች። አጨበጨብኩ።

«ቆይ እማማ፣ አልጨረስንም» አለች የልጅ ልጄ። «መክፈት ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈተነው የተቆራረጠው ፊልም አንድ ላይ ተቀነባብሮ ሲወጣ ነው።» ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አስጀመረቻቸው።

ባለሱቁ ማራሚያ የሚሉት ቅጠል ያለበት ሻይ አስመጣ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ስጨርስ ውዱ ጨረሰ። ሁለተኛውን ስጨርስ ርካሹ ጨረሰ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከርካሹ ጋር ነበርኩ፤ በልቤ «አይዞህ» ስለውም ነበር። ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

«ውዱ ይበልጣል» አልኩ። ባለሱቁ ደስ ብሎት ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ፤ የሚበልጠው በአንድ ሻይ ነው» አልኩት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «እስከ ሐሙስ ስንት ጊዜ ታወጪዋለሽ?»

«ቢበዛ አራቴ።»

«እንግዲህ ሻይ ትጠጫለሽ።»

ርካሹን ከጥሩው ዲስክና ከሁለቱ ራሞች ጋር ወሰድን፤ ለስክሪንም ተረፈን። ያ አባት ውዱን ገዛ። «ልጄ ሻይ አይወድም» አለ። ሳንወጣ ባለሱቁን ወረቀቶቹን አስነቀልኩት። «አንድ ሻይ» እና «ሁለት ሻይ» ብሎ በዓረብኛ ጻፈ፤ እንዳያታልለኝ የልጅ ልጄን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት።

ሐሙስ ጠዋት ፊልሙ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጣ ብርጭቆዬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ሻይ ገና ሳይጋመስ ኮምፒውተሩ ጨረሰ። ከቀትር በፊት አስረከበች፣ ሥራውንም አገኘች። እኔ እልል ብዬ ስጨርስ ነጠላዬን አነሳሁ፤ ሰውዬው ርካሹን በድሎታል፣ ሄጄ ወረቀቱን «አንድ ሻይ ከግማሽ» አስጽፌ ላስተካክል ነው።

«እማማ» አለችኝ በር ላይ፣ ብርጭቆዬን ከፍ አድርጋ እያሳየች። «የእኛ ብርጭቆ እኮ ከሱቁ ብርጭቆ ይበልጣል።»

ነጠላዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።