የጤና ረዳቱ ፈቃድ

ሱሉልታ ውስጥ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የሺጥላን የማያውቅ ሰው ካለ ቤት የተከራየው ትናንት መሆን አለበት። የሺጥላ በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መድኃኒት ሸጧል፣ ቁስል አጥቧል፣ መርፌ ወግቷል። የተማረው ጤና ረዳትነት ነው፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ፣ ያውም በደርግ ጊዜ። ሕዝቡ ግን «ዶክተር» ይለው ነበር። መጀመሪያ አካባቢ «ኧረ ዶክተር አይደለሁም» እያለ ያርማቸው ነበር፤ በኋላ ማረሙ ሰለቸውና ተወው። ሳይጥመውም አልቀረም።

የዚያ አገር ሰው ክኒን አያምንም። ክኒን ብቻ ይዞ የወጣ በሽተኛ ቤቱ ሲደርስ «ሳትታከም መጣህ» ይባላል። ስለዚህ የሺጥላ መርፌ ይወጋል። እናቶች አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጡና ልጃቸውን ጭናቸው ላይ በሆዱ አስተኝተው ልብሱን ገለጥ ያደርጋሉ። ወንበሩ በግራ በኩል ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ስለነበር ለእጁ የሚመቸው የቀኙ መቀመጫ ነው። የስንቱን ልጅ ቀኝ መቀመጫ እንደወጋ እሱም አያውቀውም።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ደብዳቤ መጣ። በጤና ረዳትነት የተሰጠ ፈቃድ ከመጪው ሰኔ በኋላ አይታደስም ይላል። በሥራው መቀጠል የሚፈልግ የደረጃ ማሻሻያ ትምህርት ወስዶ የብቃት ምዘናውን ማለፍ አለበት፤ ያላለፈ ቤቱን ይዘጋል። የሺጥላ ደሙ ፈላ። «እኔን? ይህን አገር በእጄ ያሳደግኩትን? ትናንት የተወለዱ ልጆች ሊፈትኑኝ?» እያለ ሦስት ቀን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ደብዳቤውን አነበበ። በአራተኛው ቀን ሚስቱ የወይንሐረግ፣ «ሥራህን ካወቅከው ምን ያስፈራሃል? ሂድና ተፈተን» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ይበልጥ ያናደደውም ይኸው ነው።

ሄዶ ተመዘገበ። ትምህርቱ ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፤ ሦስት ታክሲ። በአምሳ ሰባት ዓመቱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ የልጅ ልጆቹ ሊሆኑ ጥቂት ከቀራቸው ተማሪዎች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። አስተማሪዋ ሉሲ የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ነርስ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እጁን አጣጥፎ ስህተቷን ሲጠብቅ ከረመ። ስህተት አላገኘባትም፤ በሦስተኛው ወር ደብተር ገዛ።

የካቲት ላይ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ሉሲ ስለ መርፌ አሰጣጥ አስተማረች። «ሕፃን ልጅ መቀመጫው ላይ አይወጋም፤ ጭኑ ላይ ነው» አለች። «መቀመጫው ውስጥ ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ። የሕፃን ሥጋ ስስ ነው፤ መርፌው ነርቩን ካገኘው ልጁ ወዲያው ወይም በማግስቱ የተወጋበትን እግር ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። በየገጠሩ እንዲህ የሆኑ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ልጅነት ልምሻ መታቸው እየተባለ ቀርቷል።» ሌሎቹ ተማሪዎች ጻፉ። የሺጥላ አልጻፈም፤ እጁ ደብተሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ጎረቤቱ አዴ ገለቴ የዘጠኝ ወር ልጇን ሶያማን አዝላ መጣች። ልጅቷ ሳንባዋ ታሟል፣ ትኩሳቷ ያቃጥላል። ፔኒሲሊን ወጋት፤ እንደ ልማዱ፣ በቀኝ። በማግስቱ ገለቴ እያለቀሰች ተመለሰች፤ የልጅቷ ትኩሳት በረድ ብሎላታል፣ ቀኝ እግሯ ግን ተንጠልጥሎ ቀርቷል። «መርፌው ይሆን እንዴ?» ብላ ጠይቃው ነበር። አዎ፣ ጠይቃው ነበር! እሱ ግን ጥያቄዋን በጥያቄ መለሰ፤ «የልምሻው ጠብታ በየቤቱ ሲሰጥ ልጅቷ ወስዳለች?» አላት። አልወሰደችም፤ ገለቴ ያን ቀን ልጇን አዝላ ጫንጮ ገበያ ውላ ነበር። «አየሽ፣ ልጅነት ልምሻ ነው። የጠብታው ቀን ቤትሽ ብትሆኚ ይህ ባልመጣ» አላት። የተናገረው ከልቡ አምኖበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገለቴ ጫንጮ ገበያ ረግጣ አታውቅም። ባሏ ኦቦ ቦጂያ እስኪሞት ድረስ ሲከፋው፣ «ልጄን በገበያ የለወጥሽ» ይላት እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሶያማ አድጋ ልብስ ሰፊ ሆናለች። ስትሄድ ቀኝ እግሯን ከፍ አድርጋ ታነሳና ጠፍ አድርጋ ትጥለዋለች፤ እናቷም ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች።

የዕለቱ ትምህርት ሲያልቅ የሺጥላ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የተወጋው እግር ብቻ ቢሆንስ? በማግስቱ? ትኩሳቱ ከለቀቃት በኋላ?»

ሉሲ ትንሽ አየችው። «በተወጋበት በኩል ከሆነ መርፌው ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሼ።»

«መዳኛስ የለውም ነበር?»

«አንዳንዱ ይሻለዋል። በጊዜው ትልቅ ሐኪም ቤት ቢላኩ ብዙ ሊረዱ ይችላሉ።» ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም፤ ወረቀቷን ሰብስባ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታለት ወጣች።

እሱ አልላካትም። ትልቅ ሐኪም ቤት ምን ያደርግላታል፣ ልምሻ እንደሆነ አይመለስ ብሎ ያስቀራት እሱ ነው። ያን ቀን ከቡራዩ ሱሉልታ በምን ታክሲ እንደመጣ አያስታውስም።

እንግዲህ ያኔውኑ ሄዶ ለገለቴ ይነግራታል ያልን እንኖር ይሆናል። አልነገራትም። ቢነግራት አገር ይሰማል፤ አገር ከሰማ ፈቃዱ የሚቀር መሰለው፤ ፈቃዱ ከቀረ ደግሞ የሺጥላ ማን ነው? ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር፣ ልጅቷ እንደሆን አትድን፣ እያለ ራሱን ሸነገለ። ለየወይንሐረግ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ገለቴ በበሩ ስታልፍ ጀርባውን ሰጥቶ መደርደሪያ ያስተካክላል። የተስተካከለውን መደርደሪያ ስንት ጊዜ እንዳስተካከለ እግዜር ይቁጠረው። ትምህርቱን ግን ከማንም በልጦ አጠና።

ሰኔ ላይ ተፈተነ። በተግባሩ ፈተና የሕፃን አሻንጉሊት አቀረቡለትና መርፌ ስጥ አሉት። ጭኑን ለካ፣ አጸዳ፣ ወጋ። ፈታኙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገለት። አለፈ።

ፈቃዱ ሐምሌ ላይ ደረሰ፤ ፎቶው ያለበት፣ ማኅተሙ ያልደበዘዘ። የወይንሐረግ እልል ብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ሊለው ይጎርፍ ጀመር። በሁለተኛው ቀን አዴ ገለቴ በጎድጓዳ ሳህን ቅቤ ይዛ መጣች። ሶያማ ከደጅ ቆማ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ታወራለች።

«አካም ጅርቱ፣ ዶክተር! እንኳን ደስ አለዎት፤ ዋቀዮ ዕድሜ ይስጥዎ። ለእኛ ብለው በዚህ ዕድሜዎ ተማሩ» አለች ገለቴ። ከዚያም ወደ ደጅ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እርስዎስ የሚጠበቅብዎትን አድርገዋል። እኔ ነኝ እንጂ ገበያ ስል ልጄን ያስበላኋት።»

የሺጥላ ከዚህ በላይ ዝም ቢል ከራሱ ጋር መኖር አይችልም ነበር።

«ገለቴ፣ ልምሻ አልነበረም» አላት። «የእኔ መርፌ ነው። መወጋት የሌለባት ቦታ ነው የወጋኋት። ጠብታውን ወሰደች አልወሰደች ለውጥ አልነበረውም። ያን ቀን ጠይቀሽኝ ነበር፤ ዋሸሁሽ፤ ሳላውቅ ዋሸሁሽ።»

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። ሳህኑን ቀስ ብላ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«እንደገና ይንገሩኝ» አለች። «ገበያ መሄዴ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም ገለቴ። እኔ ነኝ።»

እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ እንደገና ወረደ። «መቼ አወቁ?» አለችው።

ሊዋሻት ይችል ነበር። «የካቲት ላይ» አላት።

«አሁን ሐምሌ ነው።»

«ሐምሌ ነው።»

ገለቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ፈቃድ አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው። «ሳያውቁ ያለፈውን ሃያ ዓመት ለዋቃ እተወዋለሁ» አለች። «አውቀው ያስቀመጡኝን አምስት ወር ግን ምን ላድርገው?»

መልስ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በተከፈተው በር በኩል የልጇን እጅ ይዛ፣ «ሶያማ፣ ነይ፣ የምነግርሽ አለ» ስትላት ሰማ። ሁለቱ በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ሄዱ፤ ገለቴም እየተናገረች የልጇን እግር ታይ ነበር።